ጅረቱን የከተርን ጊዜ

ወንድሜን ደራሽ ውሃ የወሰደው ከአርብ ገበያ ሲመለስ፣ ከቤታችን በታች ያለውን ጅረት ሲሻገር ነው። አህያዋን በማግስቱ ታች ወርደን አገኘናት። እሱን ግን አላገኘነውም። እናቴ ሬሳውን ሳላይ ልጄ ሞተ አልልም ብላ ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። ፍታቱንም እምቢ አለች።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባባራ ቁጥር ወደ ጅረቱ ትወርድ ጀመር። ልጆች ሆነን በዝላይ የምንሻገረውን ጅረት ጎርፍ ዳርና ዳሩን እየበላ ገደል አድርጎት፣ ሰው ከነቁመቱ ይውጥ ነበር። እሷ ከዚያ ሥር ገብታ፣ ሊናድ የደረሰ አፈር አናቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አዲስ የተናደውን በእጇ እየፈረፈረች ትፈልጋለች። አንድ ቀን አጥንት ይዛ መጣች። የበግ ነው አልኳት። አንቺንም ሊቀብርሽ ነው ብዬ ጮህኩባት።

"እሱ ካለበት ምን ቸገረኝ?" አለችኝ።

ስለዚህ ከጥምቀት ወዲያ ቀበሌው ለተፋሰስ ሥራ ሲጠራን የእኛ ጅረት ይቅደም ብዬ የተሟገትኩት ለመሬቱ አስቤ አይደለም። እናቴን ከዚያ ጉድጓድ ለማውጣት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል እየናድን ዘንበል አደረግነው። ጅረቱን አቋርጠን እርጥብ የአኻያ ችካል ቸክለን፣ ቅርንጫፍ እንደ ቤት ግድግዳ ማገርንበት። እሷ ዳር ተቀምጣ ዶማውን ታያለች።

"እባካችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ቆፍሩ።"

ወንዶቹ እውነትም ቀስ ብለው ቆፈሩ። እኔም ችካል በመታሁ ቁጥር ጫፉ ምን ላይ ያርፍ ይሆን እላለሁ። አንዱ ለስለስ ያለ ነገር ውስጥ የገባ መሰለኝና ነቅዬ አየሁት። ጭቃ ነው። መልሼ ቸከልኩት።

የግብርና ባለሙያዋ ልታስረዳት ሞከረች። "እማማ፣ ከእንግዲህ ጎርፉ ያመጣውን አፈር እዚሁ ይጥለዋል። ይሄ ሁሉ ይሞላልዎታል።"

"ይሞላል? ከሥር ያለውስ?"

ልጅቷ ነገሩ ስላልገባት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ችካሌ ተመለስኩ።

ክረምቱ ገባ። ጎርፉ ሲመጣ ክትሩ ያዘው፤ ደለሉም ከቀን ወደ ቀን ከፍ አለ። እናቴ ከላይ ሆና ስታየው ከረመች። መስከረም ላይ ገደል የነበረው ደልዳላ ሆነ፣ ችካሉም አቆጠቆጠ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እጅህ ይባረክ አለኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወረድን። አዲሱን አፈር ረገጥ ረገጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

"ወንድምህን አፈር አለበስከው" አለችኝ።

ቁጣ አልነበረባትም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሲበቃት ቄሱን ጥራልኝ አለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጅረቱ ወርዳ አታውቅም። አሁን ዝናብ ባባራ ቁጥር የምወርደው እኔ ነኝ። ሰዉ ክትሩን ሊያይ ነው ይላል፤ እኔ ግን ከክትሩ በታች አዲስ የተናደውን አፈር እየፈረፈርኩ አያለሁ።