ጥዱ የተኛ ቀን

አኩሊና የድብ ትምህርቷን የጨረሰችው ጠመንጃ ሳትይዝ ነው። ትንሽ ሳለች አባቷ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦ፣ ታች ወንዙ ዳር ዓሣ የሚያጠምደውን ድብ በአገጩ ያሳያትና «እንዴት ነው?» ይላታል። «ትልቅ ነው» ካለች ቀኑን ሙሉ ሲስቅባት ይውላል። ጆሮውን እዪ ይላታል፤ የጎረምሳው ጆሮ ከአናቱ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሽማግሌው ግን ራሱ ስለሚሰፋ ጆሮው እንደ ሁለት እንጉዳይ ወደ ጎን ይቀራል። ጎረምሳው እግሩ ረጅም ነው፣ ዞር ዞር እያለ ይሮጣል። ሽማግሌው ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ ማንንም ዞሮ አያይም። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግምላታል፦ «ትልቅ ይሆን እንዴ ብለሽ ከጠየቅሽ፣ አይደለም። ትልቁ ሲመጣ ጥያቄ የለም።»

ይህን ሁሉ ተሸክማ አግብታ አጋዘን አርቢዎቹ ዘንድ መጣች፤ ድንኳን ጠባቂ ሆነች። ቂጣ መጥበስ፣ የአጋዘን ቆዳ ማልፋት፣ የወንዶቹን ቦት ጫማ መስፋት ነው ሥራዋ። ድብ ስለ መለካት የጠየቃት ሰው የለም። ባሏ ኪሪል ጥሩ ተኳሽ ነው፤ አማቷ ኢግናት ደግሞ በዚያ የካምቻትካ ተራራ ላይ የማያውቁት ድንጋይ የለም።

በዚያ መኸር ግን ነገር ተገለባበጠ። ኪሪል ከሚጋልበው አጋዘን ላይ ወድቆ ትከሻውን ሰበረና ክንዱን አንገቱ ላይ አሰረ። ኢግናት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ይሄኔ ነው አንድ ድብ መንጋውን የለመደው። ከፊት ግራ እግሩ አንድ ጥፍር ጎድሎታል፤ ጭቃው ላይ የተወው ዱካ የአኩሊናን የተዘረጋ እጅ ከነጣቶቿ ይውጠዋል። አስቀድሞ አንዲት አንካሳ አጋዘን ወሰደ። ቀጥሎ የኡስትያን ጥጃ ወሰደ።

ኡስትያ የአኩሊና ልጅ ናት፤ ገና አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ አያቷ ኢግናት፣ እንደ ሕዝባቸው እንደ ኤቬኖች ወግ፣ አንዲት ነጭ ሴት አጋዘን ሰጥተዋታል። ከዚያች የተወለደው ሁሉ የልጅቱ ነው፤ ስታድግ መንጋዋ፣ ስታገባ ይዛው የምትሄደው ሀብቷ። ጥጃዋ ተበላ፣ ነጯ ብቻ ቀረች። በረዶ ሳይጥል ደግሞ መንጋው በተራራው በር አልፎ ወደ ብርዱ ወራት ግጦሽ መሻገር አለበት። ድቡ የሰፈረው እዚያው በር ላይ ነው፤ ከመንግሥት የተሰጣቸው የአደን ፈቃድ ደግሞ ለአንድ ድብ ብቻ ነው። ያልሆነውን ከጣሉ፣ ጥፍረ ጎዶሎው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀበላቸዋል።

«እንግዲህ» አሉ ኢግናት፣ «አንዱ ክንድ የለው፣ አንዱ ዓይን የለው። ሁለቱም ያላት እሷ ናት።»

«ሚስቴን ከመጥበሻ ሌላ ይዛ አይቻት አላውቅም» አለ ኪሪል።

«መጥበሻውም ቢሆን አናትህን አይስትም» አለችው፤ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሌሊቱን ብርቱ ውርጭ ጥሎ አገኘችው። መንገዱ ቀለል አላት፤ ቀሚሷም ሳይረጥብ ቶሎ ደርሳ ቶሎ ተመለሰች። ልቧ አደኑ ላይ ነበርና ለምን ብላ አልጠየቀችም። ኡስትያን ለጎረቤታቸው ለአሮጊቷ ኡልያና ሰጥታ፣ ሦስቱ በደረቁ ጅረት፣ በድንጋይ በድንጋዩ ሽቅብ ወጡ። የድቡን ስም የሚያነሳ የለም፤ ይሰማል ይባላላ። ሲያነሱትም «አያ ሽማግሌ» ብለው፣ በአንቱታ ነው።

ከበሩ ትይዩ ቋጥኝ ተደግፈው ተኙ። አኩሊና ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደገፈች፤ ኪሪል በደህና እጁ የሩቅ ማያ መነጽሩን ያዘ። ፀሐይዋ ዳገቱን ነካ እንዳደረገች አንድ ጥቁር ነገር ከቁጥቋጦው ወጣ።

«መጡ» አለ ኪሪል። «አባ፣ እሳቸው ናቸው።»

«በጥዱ ለካሃቸው?» አሉ ኢግናት። ያ በር ላይ የሚበቅለው ድንክ ጥድ ሰው ደረት ድረስ ይደርሳል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ድብ የለኩት በዚያ ነው፤ ልጃቸውንም ያስተማሩት በዚያ ነው።

«ከጥዱ በላይ ወገባቸውም ሆዳቸውም ይታያል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። «ተኩሺ፣ ልጄ።»

አኩሊና ጣቷን ምላጩ ላይ አደረገች። አነጣጠረች፤ ዓይኗ ግን ድቡ አናት ላይ ተጣበቀ። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ የጥጃ ጆሮ ይመስላሉ። እግሩም ይታያል፤ ረጅም ነው።

«ጆሮው ትልቅ ነው» አለች።

«ጆሮውን ተይው፣ በጥዱ እዪ» አለ ኪሪል። «ሊያመልጡን ነው። ምን ነካሽ፣ ቂጣ እስኪበስል ነው የምትጠብቂው?»

ጥዱን አየች። አረንጓዴ ነው፣ እንደ ትናንቱ ነው። ከዚያ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወረደችበት መንገድ ትዝ አላት። ሌላ ቀን የዚያን መንገድ ጥድ ቅርንጫፍ በክንዷ እየገፋች፣ ቀሚሷ በጤዛ እየራሰ ነው የምታልፈው። ዛሬ ግን ረግጣው ነው የሄደችው። ያ ጥድ ብርዱ ሲመጣበት ቅርንጫፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ይተኛል፤ የብርዱን ወራት ከበረዶ ሥር ከርሞ በጸደይ ይነሳል።

ጣቷን ከምላጩ አነሳች። «ኪሪል፣ ጥዶቹ ተኝተዋል።»

ኢግናት ቀስ ብለው ጓንታቸውን አወለቁና አየሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ሌሊቱን ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ያደረው ለካ ለዚህ ነው።» ኪሪል መነጽሩን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አየ፣ ከዚያም ፊቱ ቀላ። ጉልበት በማይደርስ ጥድ አጠገብ የቆመ ጎረምሳ ድብ ነበር።

ጎረምሳው ድንገት ራሱን ቀና አደረገ። ወደኋላው አሸተተ፤ ከዚያ ጆሮውን አጣጥፎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ቁልቁል በረረ። ከእሱ የሚበልጥ መጥቶበታል ማለት ነው።

ከቁጥቋጦው ሌላ ወጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጀርባው እንደ ተጫነ ጀልባ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ መጣ። ጆሮ የለውም ማለት ይቻላል። በተኛ ጥድ ሆነ በቆመ ጥድ መለካት አላስፈለገም። «ተኩሺ» የሚላትም ጠፋ። ጥያቄ አልነበረም።

ጎኑን እስኪሰጣት ጠበቀችና ተኮሰች። ድቡ ተንበረከከ፣ ግን ተነሳ፤ ወደ እነሱ ዞረ። ኪሪል ጥይቱን ያቀብላት ጀመር፤ የታሰረ ክንዱን ረስቶ በዚያው ነው ያቀበላት። ሁለተኛው ጥይት ደረቱን አገኘው። ድቡ ጥዱ ላይ ጋደም አለና ቀረ።

ሲደርሱ አኩሊና የፊት ግራ እግሩን አነሳች። አንድ ጥፍር ጎድሏል። ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ደግሞ አለቀሰች፤ የትኛው እንደቀደመ ኋላ ሲጠይቋትም አላወቀችውም።

ኢግናት ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ቁራ ጮኹ፤ አያ ሽማግሌ የገደላቸው ሰው ሳይሆን ቁራ እንዲመስላቸው። ኪሪልም ክንዱን አቅፎ እያቃሰተ ጮኸ። «ቁራም እንዲህ አያቃስትም» አለችው አኩሊና፣ ከዚያ እሷም ጮኸች። ቆዳውን ለኡልያና ሰጠች፤ የገደለ ሰው ለራሱ አያስቀርም፣ ደግሞም አሮጊቷ ልጇን ጠብቃላታለች።

መንጋው በሩን ሲሻገር የመጀመሪያው በረዶ መጣል ጀምሯል። ኡስትያ ነጯ አጋዘኗ ላይ በትንሹ ኮርቻ ታስራ ተቀምጣለች፤ እናቷ ልጓሙን ይዛ ትስባለች።

«እማ፣ አያ ሽማግሌ እንዴት ያህል ነበሩ?» አለች ልጅቷ።

አኩሊና እጇን ከፍ አድርጋ የምትለካበትን ነገር ዙሪያዋን ፈለገች።

«ከጥዱ ይበልጣሉ?»

«በጥዱ አትለኪ፣ ልጄ፣ ተኝቷል» አለቻትና ነጯን ሳብ አደረገች። «በጸደይ ስንመለስ ቆሞ እናገኘዋለን፤ ያኔ አሳይሻለሁ። ይቺም ጥጃ ይኖራታል።»