አንዲት ጥያቄ ይዤ እስከ እጩው ድንኳን

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከልደታ ማርያም ጀርባ ካለው የቀበሌ ቤታችን ስነሳ የያዝኩት ጃንጥላ፣ አንድ ኮዳ ውሃና ባለቤቴ ከድጃ ያስያዘችኝን ጥያቄ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደሩት አቶ ተሰማ ምትክ ቤት ለነዋሪው እዚሁ ልደታ ይሰጥ ባይ ናቸው ወይስ ከተማ ዳር? ከድጃ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ሳምቡሳ ትሸጣለች። «ከተማ ዳር ማን ይከሰሳል?» አለችኝ። «ሳታጣራ እንዳትመለስ።»

ሰውየው ሜክሲኮ ናቸው ስለተባለ በሁለት ብር ታክሲ ተሳፈርኩ። በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በታክሲ ግን፣ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር፣ ተላጭቼ ገብቼ ጢሜ አድጎ ወረድኩ። እግረ መንገዴን ተሳፋሪውን ስለ እጩው አቋም ጠየቅሁ።

«ለሁሉም ሰው ግራውንድ ላይ ቤት ይሰጣል ነው የሚሉት» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ኧረ ጭራሽ አይፈርስም ብለዋል» አለ አጠገቧ የተቀመጠው።

ረዳቱ ከበሩ ዞር አለ። «ፋዘር፣ እኛን የታክሲ ሰልፍ ይቀራል ብለውናል። ከቀረ እኔ ምን ልበላ ነው?»

ሜክሲኮ ስደርስ የጠየቅሁት ጋዜጣ አዟሪ ሳቀብኝ። «ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን ጥለዋል፤ ከመጣህበት ነው።» በእግሬ ተመለስኩ።

ድንኳኑን ከሩቅ ለየሁት፤ የእድራችን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን መጣፊያ የሰፋችው ከድጃ ናት። ከሰፈራችን ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጥያቄዬን ረስቼ፣ ፊቴን አጥቁሬ ገባሁና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰፈርተኛው ሁሉ አቀርቅሯል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ፤ ተከትሎ ንፍሮ መጣ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አቶ ተሰማ የሚያጨበጭብላቸው አጥተው፣ በላባቸው አንድ በርሜል ይሞላ ነበር።

በመጨረሻ ተነሱ። «ወገኖቼ፣ የሞተ ሰው የለም። የእድሩ አባል ስለሆንኩ ድንኳኑን ለቅስቀሳ ተውሼ ነው።»

እናትየው እንባቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ንፍሮ ምን ልናደርገው ነው?»

ንፍሮው እየተበላ ጥያቄዬን አቀረብኩ። አቶ ተሰማ ደረታቸውን ነፉ። «ምትክ ቤት እዚሁ ልደታ አሰጣችኋለሁ።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ መዝገባቸውን ገለጡ። «ቃልዎ ይመዝገብ። ካጠፉ እድሩ አይቀብርዎትም።»

«ጋሽ በቀለ፣ ቀብርን ምን አመጣው?»

«በድንኳናችን ነው የተናገሩት።»

አቶ ተሰማ ወደ መዝገቡ ጠጋ አሉ። «እንግዲያው፣ እዚሁ እንዲሰጣችሁ ምክር ቤት ገብቼ እከራከራለሁ፣ ማሸነፌን ግን አላውቅም ብላችሁ ጻፉልኝ።» ተጻፈ። ፈረሙ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ከጉዞው የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ የእጩን አቋም ማወቅ የፈለገ ሰው ሜክሲኮ ድረስ አይንከራተት፣ የእድር መዝገብ ይዞ ይጠብቅ። ከድጃ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ሁሉንም አስተረከችኝ።

«እከራከራለሁ ብቻ?»

«እከራከራለሁ ብቻ።»

የያዘችውን ጠቅልላ ጨረሰች።

«መቀበር የሚፈልግ ሰው ነው» አለች። «ምረጠው።»