ሶኬቱን የሚነቅሉ እጆች

የባሌ እህት ይህን ብትሰማ ውሸት ነው እንደምትል አውቃለሁ። አማርኛ አታነብም፤ የሚያነብላት ግን አታጣም። ያንብቡላት።

ባሌ የሞተው በሙቀቱ ወራት ነው። የተወልኝ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ያለችውን አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እተኛለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲህ የመጫወቻው ማሽን ነበር። ራሱ ነው የሠራው። ቁመቱ ሰው የሚያህል የእንጨት ሣጥን፣ ሁለት መንጃ እንጨቶች፣ የተደረደሩ ቁልፎች፣ ውስጡ ደግሞ ፈረንሳዮች ሲሄዱ የጣሉት ድንጋይ የሚከብድ ሞኒተር። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ተሰልፈው፣ እየከፈሉ የድብድብ ጨዋታ ይጫወቱበታል፤ እኛም በዚያ እንበላለን።

ባሌ በሞኒተሩ ይኮራ ነበር። ከኋላው የገመድ መግቢያ ሞልቶታል፤ ለቀለማት የተለዩ ክብ ክቦች፣ አንድ ሰፊ የፈረንሳይ ሶኬት፣ ሌላም ሌላም። «ይሄ የማይቀበለው ነገር የለም» ይል ነበር። እኔ ኋላውን እንድነካ ግን አይፈቅድም። «አንቺ ፊቱን ጥረጊ፣ ኋላውን ለእኔ ተይው።» ትዳራችንን ሙሉ ፊቱን ጠረግሁ።

እሱ በሞተ በጥቂት ሳምንት ማሽኑም ተከተለው። ጨዋታውን የያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የባሕሩ ጨው በልቶት አገኘነው። ይህን ስትሰማ የባሌ እህት ሽማግሌዎች ይዛ መጣች። ክፍሉ የወንድሟ ነው፣ ተከራይታ ጫት የምትሸጥበት ሴት ተገኝታለች፣ እኔ ልውጣ ነው ነገሯ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና እንዲህ አሉ፦ «ክፍሉን የተወላት ሠርታ እንድትበላበት ነው። ከሠራችበት ትኑር። ዝግ ከሆነ ለቤተሰቡ ይመለስ። ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ መጥተን እናያለን።»

ከዚያ ክፍል ብወጣ መሄጃ አልነበረኝም። በልጅነቴ በሰው ቤት ተቀጥሬ አገልግያለሁ፤ አሁን ጉልበቷ የማይታጠፍ ሴት ማን ይቀጥራል? ወደ አገሬ እንዳልል፣ ናጋድ ጣቢያ ባቡሩ አለ፤ ወርጄ የማንኳኳው በር ግን የለም። የሚያውቁኝ ሞተዋል።

በጎረቤት ስልክ የሚጠግን ያገሬን ሰው ለመንሁት። ጨዋታው የተጫነበት ያገለገለ ኮምፒውተር አመጣ። ሲበራ በቀጥታ ወደ ጨዋታው እንዲገባ አድርጎ አስተካከለው። አንድ ጫፉ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ተከፋፍሎ ክብ ክቦቹ ላይ የሚገባ ገመድም አመጣ። ሁሉንም አገናኘና ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ የተሰኩበትን ማከፋፈያ ግድግዳው ላይ ሰካው። ሞኒተሩ በራ። ምስሉ ግን ለሁለት ተቀዶ፣ ሰያፍ መስመር እየሆነ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ዓይኑን ሳያሽ ነቀለው።

እዚህ ከተማ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እጅ አለው። በሙቀቱ ወራት መብራት ይጠፋና ሲመለስ ተቆጥቶ ይመለሳል። ስክሪኑ ይንቀጠቀጥና ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ስክሪን ሲርገበገብ ጭንቅላት ሳያስብ እጅ ይነቅላል። አራስ ሴት እንኳ ሕፃኗን ጥላ ሶኬቱን ትነቅላለች።

«ማዘር፣ ሊቃጠል ነበር!» አለኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፣ ሞኒተሩ አሮጌ ነው፣ አይደርስበትም። ፍጥነቱን የሚቀንስ ፕሮግራም ጭኜለት ነበር፤ እምቢ አለ።»

«እንግዲያ ሌላ መላ ፈልግ።»

«ምን መላ አለው? ለቁራሌው ይስጡትና ጠፍጣፋ ስክሪን ይግዙ።»

«ጠፍጣፋ መግዣ ቢኖረኝ አንተን ምን ብዬ እለምናለሁ?»

ሳቀ። ሰፊውን ሶኬት ሞከረ፣ ክብ ክቦቹን አቀያየረ። በሰካ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይነቅላል። እኩለ ቀን ሆነና ጫት የጫነው መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ ሲያልፍ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሊቅም ስለሚቀመጥ በዚህ ከተማ የሚጠገን ነገር የለም። «ነገ እመጣለሁ» አለ። ነገውን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

ዓርብ ጠዋት በሩን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞኒተሩ ኋላ ገባሁ። ቀዩን ከቀዩ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው፣ የተረፈውን ከተረፈው አገናኘሁ። ሰካሁት። ተንቀጠቀጠ። እኔም ነቀልሁ። እንደገና ሰካሁ፣ እንደገና ነቀልሁ። እንደ ሰው ለመንሁት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና ባሌን ሰደብሁት። ምናለ አንድ ቀን ኋላውን ብታሳየኝ? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ ያን ቀን አደረገኝ።

የአስር ሶላት ሲያበቃ በሩን ከፈትሁና ለመጨረሻ ጊዜ ሰካሁ። በዚያው ቅጽበት የባሌ እህት ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ደረሰች። በሩ ላይ ቆመች።

«ሀበሻዋ፣ ዕቃሽን አልሰበሰብሽም?» አለችኝ በሶማልኛ።

«የምን ዕቃ?»

«ወንድሜ ሲሞት ጨዋታው አልቋል። ለማን ነው የምታበሪው?»

«ላንቺ ልጆች። እናታቸው ቤት ስለማትውል እዚህ ነው ያደጉት።»

«ወይ ጉድ! መውለድ ያቃታት ስለ ልጅ ታወራለች።»

ሊነቅል ሶኬቱን የያዘው እጄ ሳይነቅል ለቀቀ። ተነሣሁ። ለዓመታት የዋጥሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ወንድምሽ ሲታመም ሆስፒታሉ በር ላይ እንኳ አልቆምሽም። ሽንቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አንቺ የመጣሽው ሬሳው ሳይወጣ ቁልፍ ልትፈልጊ ነው! ትራሱን ስታገላብጪ አይቼሻለሁ።»

እሷም መለሰች፣ እኔም መለስሁ። ጎረቤት በር በር ላይ ወጣ። ስንት እንደተባባልን አላውቅም። ድንገት ከኋላዬ ሙዚቃ ሰማሁ።

ዞርሁ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ተደባዳቢዎች ቡጢያቸውን ጨብጠው ይጠብቃሉ። የሚንቀጠቀጠው ለካ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ብቻ ኖሯል፤ የሰውየው ፕሮግራም ሥራ የሚጀምረው ጨዋታው ሲከፈት ነው። እስከዚያ የታገሠ እጅ አልነበረም። እኔም የታገሥሁት እሷ ስላናደደችኝ ነው። አላመሰገንኋትም፤ አላመሰግናትም።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጢሙን ሂና የተቀባው ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁልፍ ተጫነ፤ ተደባዳቢው ሌላውን ዘረረው። ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቀ። «ይሠራል» አለ።



«ይሠራል እንዴ?» አለች የባሌ እህት። ድምፅዋ ወዲያው ለሰለሰ። «እንግዲያማ የሚሠራ ዕቃ የወንድሜ ውርስ ነው። በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ ይህን ማን ይክዳል?»

ሙት ሳለ ቁርጥራጭ ብረት ነበር። ነፍስ ስዘራበት ውርስ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በጆሮ ተነጋገሩ። ክርክሩ እንደሰለቻቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። «ማንም ሳያዝን እንለያይ» አለ ባለ ሂናው። «ክፍሉ ለእሷ፣ ማሽኑ ለእናንተ።»

«በባዶ ክፍል ምን ልብላ?» አልሁት።

«አላህ ያውቃል፣ እህቴ።»

ወንዶች ልጆቿ በጋሪ ጭነው ጋቦዴ ወዳለው ቤቷ ወሰዱት። በማግስቱ ትልቁ ልጇ መጣ።

«እናቴ ‹ምን ነካክታ ነው የሰጠችን?› ትላለች። ይንቀጠቀጣል።»

«እናንተስ ምን አደረጋችሁ?»

«ወዲያው ነቀልነዋ! ሊቃጠል ነበር።»

«ደግ አደረጋችሁ።»

«ታዲያ እዚህ እንዴት ሠራ?»

«እናትህ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ» አልሁት። «ስትመጣም ማሽኑን ይዛ ትምጣ።»

አልመጣችም። ኩራቷን ከማጠፍ ዕቃው ቢበሰብስ ትመርጣለች፤ አውቃታለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ክፍሉ የእኔ ነው፣ ማንም አያስወጣኝም። ከሰዓት በኋላ ልጆች ያንኳኳሉ፤ ጨዋታ የለም እላቸዋለሁ። የምበላው መኖር አለመኖሩን የማውቀው ሲመሽ ነው።