ቤሳው የት ገባ?

ዲንቄ አንድ ነገር አእምሮዋ ውስጥ ከገባ መልሱን ሳታገኝ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ይህ ጠባይዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ብዙ ቁጣ አትርፎላታል። የተወለደችው መቂ አጠገብ ነው፤ ወደ አዳማ የመጣችው ባሏን ገርባን ተከትላ ነው። ገርባ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። "ባቡሩ ገና ሳይታይ ሐዲዱ ለምን ይዘፍናል?" እያለች ስትነዘንዘው፣ "አንቺ ሴት፣ የኔ ሥራ ምስማሩን መምታት ነው፤ ዘፈኑን ራሱን ሐዲዱን ጠይቂው" ይላታል። እሷም አንድ ቀን እውነት ጆሮዋን ሐዲዱ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ተገኝታ፣ የጣቢያው ዘበኛ እየጮኸ አባረራት።

ገርባ አዋሽ ቆላ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሰው ሁሉ ወደ ዘመዶቿ ትመለሳለች ሲል፣ እሷ እንስራ ገዝታ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች።

አዳማ ያኔ ከጣቢያው ብዙም የማትርቅ፣ ነፋስና አቧራ የማይለያት ትንሽ ከተማ ነበረች። ውሃው ከአዋሽ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ከቆላው ሲወጣ የዋለው ባቡር ጣቢያው ላይ ሲቆም፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ በመስኮት ይንጠለጠላል። ዲንቄ እንስራዋን አዝላ፣ ጣሳዋን ይዛ ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች። "ውሃ! የአዋሽ ውሃ! ቢሻን!" ለአንድ ጣሳ አንድ ቤሳ።

ቤሳ ከገንዘብ ሁሉ ታናሽ ነው። ቀይ መዳብ ነው፤ ባንድ በኩል የንጉሡ መልክ፣ በሌላው አንበሳ አለበት። ከሱ በታች ገንዘብ የለም። ከሱ ከፍ የሚለው መሐለቅ ነው፤ መሐለቅ ደግሞ ከብር የተሠራ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢጠማው ላንድ ጣሳ ውሃ የሚሰጠው ሰው የለም።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በአንድ በጋ፣ ቤሳ ከአዳማ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ኋላ ግን ዲንቄ ተቸገረች። ተሳፋሪው ጠጥቶ መሐለቅ ይዘረጋል፤ እሷ መልስ የላትም፤ ባቡሩ ያፏጫል። አንዱ "ተይው፣ ነገ ስመለስ እከፍልሻለሁ" ብሎ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ በጥርሱ ይስቅና እጁን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። አንድ ሽማግሌ ከሐረር በኩል የመጡ፣ ኪሳቸውን ገልብጠው ካሳዩዋት በኋላ፣ ባቡሩ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ በመስኮት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ምርቃቱ ደስ አላት፤ ውሃውን በአህያ የሚያመጣላት ሰው ግን በምርቃት አይሸጥላትም።

ወዲያው ወሬ መጣ። "ቤሳ መሥራት ሊቀር ነው አሉ። መዳቡ ከገንዘቡ በልጦ ነው።"

ዲንቄን ያስጨነቃት ግን መቅረቱ ብቻ አልነበረም። የተሠራው ሁሉ የት ሄደ? ይህ ነው የገረማት። ቤሳ አይበላ፣ አይጠጣ። ድሮ ጠዋት የከፈለችው ቤሳ ማታ ዞሮ እጇ ይገባ ነበር፤ አሁን የወጣው አይመለስም።

የመንዝ ሰው የሆነው አቶ ዓለማየሁ የከተማውን ትልቁን ሱቅ የያዘ ነጋዴ ነው፤ ሄዳ ጠየቀችው።

"አቶ ዓለማየሁ፣ ቤሳው የት ገባ?"

ዓለማየሁ አቡጀዲውን እየለካ ቀና ሳይል፣ "የአርሲና የመቂ ሴቶች ናቸዋ! በስተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አገርሽ አይደለም እንዴ? እንዴት አታውቂም?" አላት።

ዲንቄ ተወልዳ ባደገችበት አገር ቤሳ ያንጠለጠለች ሴት አይታ አታውቅም። ግን ከወጣች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር፤ ወጉ ተለውጦ ይሆናል ብላ አሰበች። አሰበችና ማየት አለብኝ አለች።

በዚያው ሰሞን ጆቴ የሚባል የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ገብሱን በበቅሎ ጭኖ ለባቡሩ አድርሶ ሊመለስ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ጨው ሸማች ሴቶች አብረውት ስለሚጓዙ ዲንቄም ተደባለቀች።

"መቂ ዘመድ ልትጠይቂ ነው?" አላት ጆቴ መንገድ ላይ።

"ዘመድም አለኝ። የምሄደው ግን የሴቶች አንገት ልመለከት ነው።"

ጆቴ በቅሎዋን አቁሞ አያት። የምትቀልድ መስሎት ነበር። የነገሩን ምክንያት ስትነግረው አልሳቀም። ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እውነት ግን የት ይሄዳል?" አለ። ዲንቄ የዚያን ቀን ሰውየውን ወደደችው፤ መውደዷን ግን ራሷም ገና አላወቀችም።

የመቂ ገበያ ደርሶ ሞልቶ ነበር። ዲንቄ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያለፈች ዶቃውን፣ ናሱን፣ የጥንቱን ማርትሬዛ ብር አየች። ቤሳ ግን የለም። በመጨረሻ የአክስቷን ልጅ ሎሚን ቅቤ ስትሸጥ አገኘቻት። አካም ጅርታ፣ ፈያዳ ተባብለው ሰላምታውን ሲያበቁ ጉዳዩን አነሳችላት። ሎሚ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ቤሳ አንገቴ ላይ? የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? በኛ ዘንድም ጠፍቷል እኮ! ለቅቤው መልስ የምሰጠው አጥቼ ጨው እየሰበርኩ ነው የምሰጥ። እኛማ የባቡሩ አገር ሰዎች በላችሁት ብለን ነበር።"

ስለዚህ እዚያ ያሉት እዚህ ነው ይላሉ፤ እዚህ ያሉት እዚያ። ዲንቄ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ግን እንደሷ ደስ ብሎት የተመለሰ መንገደኛ አልነበረም። እንቆቅልሹ ጠንክሮባታል።

አዳማ በገባች በሳምንቱ የበልግ ዝናብ ድንገት ወረደ። ዲንቄ ወደ ዓለማየሁ ሱቅ ሮጣ ከክፈፉ ሥር ቆመች። ዓለማየሁ የሣር ጣሪያውን አንስቶ ቆርቆሮ እያስመታ ነበር፤ አናጢው መርጋ ዝናቡ ሳይብስ ልጨርስ ብሎ ከላይ ይመታል። ቀጭ አለና አንዲት ነገር ከጣሪያው ተንከባልላ እግሯ አጠገብ ጭቃው ላይ ወደቀች። አንስታ በነጠላዋ ጠረገቻት። ቤሳ ነበረች። መሐሏ ተበስቷል።

ዲንቄ ከክፈፉ ወጥታ፣ ዝናቡን ረስታ፣ አንጋጣ ወደ ጣሪያው ተመለከተች። ከያንዳንዱ ምስማር ሥር አንዳንድ ቀይ ክብ ነገር አለ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ቤሳ ለብሷል።

"ኦቦ መርጋ!" ብላ ጮኸች። "ውረድ እስቲ!"

መርጋ እጇ ላይ ያለውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። በመሰላሉ ወርዶ ወደ ጓሮ ጎተታት።

"ዲንቄ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ። የንጉሥ መልክ በስቷል ከተባለ እኔ አለቀልኝ።"

"ተው፣ ልከስህ አይደለም። ለምንድን ነው ግን?"

መርጋ ልትከሰው እንዳልመጣች ሲገባው ትንፋሹ ተመለሰና የሙያውን ነገር አጫወታት። የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮን ከምስማሩ ቦጭቆ ይወስዳል። ለዚህ ከምስማሩ ራስ ሥር የሚገባ ክብ ብረት አለ፤ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም አንዱ ከአንድ ቤሳ ይበልጣል። "ታዲያ ቤሳው ራሱ ረከሰ። አይዝግም፣ ውሃ አያስገባም። ዓለማየሁ ራሱ ነው ሰብስቦ የሚሰጠኝ። እዚህ ብቻ መሰለሽ? ቆርቆሮ የመታ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርግ።" ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን የንጉሡን ፊት ወደ ታች ነው የማዞረው፤ ዝናብ እንዳይመታቸው" አላት። አነጋገሩ ከልቡ ስለነበር ዲንቄ ሳቋን ዋጠች።

ያን ዕለት ማታ አልተናደደችም፤ ዓለማየሁ አታሏት መቂ ድረስ መላኩ እንኳ አልከነከናት። የከነከናት ሌላ ነበር። ገንዘብ ሆኖ ምስማር ሥር ከሚገባ ብረት የረከሰ ከሆነ፣ ይቅር የሚሉት ሰዎች እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ከቀረ ደግሞ የሷ ጣሳ ዋጋ ምን ሊሆን ነው?

ክረምቱ ሳይገባ ከአዲስ አበባ አንድ ሹም በባቡር ወረዱና ነጋዴውን ሁሉ ጉምሩክ ግቢ ሰበሰቡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ካባ የደረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። "ቤሳ ይቅር ወይስ ይሠራ? እናንተ በገበያ የምትውሉት ምን ትላላችሁ?" ብለው ጠየቁ።

መጀመሪያ የተነሣው ዓለማየሁ ነው። "ይቅር፣ ጌታዬ። ቆጥረን ደከምን። ከመሐለቅ በታች የሚሸጥ ምን ቁም ነገር አለ?" አለ። ጥቂት ሱቀኞች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዲንቄ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።

"ጌታዬ፣ እኔ ውሃ ሻጭ ነኝ። ከመሐለቅ በታች የሚሸጠው የኔ ውሃ ነው፤ አጠገቤ የምትሸጠው የአሰለፈች ቆሎ ነው፤ የነዚህ ሁሉ ሴቶች ሎሚና ጎመን ነው። ቤሳ ከቀረ ወይ በነጻ እሰጣለሁ፣ ወይ የተጠማውን አልፌው እሄዳለሁ። ግን አልዋሽዎትም። ቤሳው ከሚገዛው ነገር ይልቅ መዳቡ እየበለጠ ሰው ለሌላ ሥራ እያዋለው ነው። እንዳለ ቢሠራም ያልቃል።"

ሹሙ ወደፊት ጎንበስ አሉ። "ለምን ሥራ ነው የሚያውለው?"

ዲንቄ ቤሳዋን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻቸው። ሹሙ አገላብጠው አዩዋት፤ በቀዳዳዋ አሻግረው ሰማዩን አዩ።

"ይህን የት አገኘሽው?"

መርጋ ከኋላ ቆሞ ላቡ ይወርዳል። ዓለማየሁ ጫማውን ይመለከታል።

"ከሰማይ ነው የወደቀብኝ፣ ጌታዬ። ዝናብ ይዘንብ ነበር።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙም ቆጣ ሊሉ ጀምረው አልሆነላቸውም፤ ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። ዓለማየሁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እንግዲህ… ለጊዜው ባይቀርም ይሻል ይሆናል" አለ። ሹሙ ቤሳዋን ኪሳቸው ከተው፣ "ነገሩን አቀርባለሁ" ብለው በማግስቱ ባቡር ተመለሱ።

ያቅርቡት፣ አያቅርቡት፣ አዳማ የሰማ የለም። ቤሳ ይሠራል ወይም ቀርቷል የሚል አዋጅ አልመጣም። ዝም ብሎ እየሳሳ ሄደ። ዲንቄም ሌላ መላ ፈጠረች። በመስኮቱ ሥር ቆማ፣ "አንድ መሐለቅ ያለው ይክፈል፣ የቀራችሁት ከሱ ጋር ጠጡ!" ማለት ጀመረች። የማይተዋወቁ ሰዎች ባንድ መሐለቅ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የሐረሩ ነጋዴ ለሰላሌው ወታደር ከፈለ፤ ወታደሩ ደግሞ ዳቦውን ቆርሶ አካፈለው። አንዳንዴ ማን ይክፈል በሚል ክርክር ባቡሩ ጥሏቸው ሊሄድ ይደርሳል። ዲንቄም ከነዚህ ሰዎች ጨዋታ እስከዚያ ያልሰማችውን አገር ሁሉ ወሬ ሰማች።

ጆቴም ገብሱን ባመጣ ቁጥር ጣቢያው እየቆመ፣ ባቡር የማይሳፈር ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከጠጪዎቹ ጋር እየገባ መሐለቅ ይከፍል ጀመር።

"አንተ ከነገሌ ድረስ የመጣኸው ውሃ ጠምቶህ ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"የለም" አለ ጆቴ። ጣሳውን መለሰላት። "ቤቴ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሁሉም ዝም ያለ ነው።"

ሽማግሌ የላከው በመስቀል ማግስት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መርጋ ነበር፤ ስለ ሙሽራዪቱ ምስጢር ጠባቂነት እየደጋገመ ሲያወራ፣ የቀሩት ሽማግሌዎች ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም።

ከተጋቡ በኋላ ዲንቄ ጥቂት ዓመት በአዳማና በነገሌ መካከል እየተመላለሰች ኖረች። በኋላ ማቶና የሚባለው አዲስ ዝርዝር ገንዘብ መጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን መክፈል ጀመረ፤ በመስኮቱ ሥር የነበረው ጨዋታም ተበተነ። ሥራው ቀለላት፣ ግን ደበራት። እንስራውንና ቦታውን ለአሰለፈች ለቅቃ ነገሌ ገባች።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጆቴ ስንዴ ሲያሰፍር ቆይቶ ዘወር ቢል አጣት። ፈልጎ ያገኛት ከጨው ነጋዴዎቹ ሠፈር ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ የተሰበረ አሞሌ ጨው በሁለት እጇ ይዛ ታገላብጣለች።

"አባቴ፣ ይህ ሲሰበር የሚረግፈው ፍርፋሪ የማን ነው? የሻጩ ነው የገዢው?"

ጆቴ ከኋላዋ ቆሞ ጥቂት አሰበና፣ በቅሎውን ካንዱ ግንድ ጋር አስሮ፣ መልሱን ለመስማት አጠገቧ ቁጢጥ አለ።