በፊውዙ ቦታ የገባው መዳብ

የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር፣ ከአገራችን ወጥተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ይመጣብኛል። በበጋ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ተከራዩ ሁሉ ማቀዝቀዣውን ባንዴ ይከፍትና ፊውዙ ይቃጠል ነበር። አባቴ ሱቃችንን ለእናቴ ትቶ ይመጣና ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ቆርጦ ይተካ ነበር። ሽቦው ለስላሳ ስለነበር በጥፍሬ ስጫነው ይሰረጉድ ነበር።

«አባባ፣ ለምን ጠንካራ አታስገባበትም?» አልኩት አንድ ቀን።

«እሱ ቶሎ ካልቀለጠማ ቤቱ ነው የሚቃጠለው» አለኝ።

የግቢው ባለቤት ሐጂ ግን የተከራዩ አቤቱታ ሰለቸውና፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ወፍራም መዳብ ልጦ በፊውዙ ቦታ አሰረው። «ኸላስ፣ በቃ! ከእንግዲህ መብራት ጠፋ ብሎ የሚጠራኝ እንዳይኖር!» አለ።

«ሐጂ፣ መዳብ እኮ እንደ እርሳስ ቶሎ አይቀልጥም። ጭነት ሲበዛ የግድግዳው ገመድ ይግላል» አለው አባቴ።

«ቤቱ የኔ ነው። ካልተስማማህ ልቀቅ!» ብሎ የፊውዙን ሳጥን ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ መብራቱ አንዴም ሳይጠፋ ከረመ፤ ጎረቤቱም ሐጂን ሲያመሰግን ከረመ። ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ ሲመለስ፣ አባቴ ሰሊጥ ሊገዛ ቁረይሻ የምትባል ከተማ በሄደበት ሰሞን፣ እህቴ ሐዋ ትኩሳት ይዟት በቀትር ጓዳ ተኝታ ሳለ፣ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ተቀጣጥሎ ጣሪያውን በላው። እናቴ ከሱቅ ሮጣ ደርሳ፣ እሳቱ ውስጥ ገብታ ጎትታ አወጣቻት። ሐዋ ተረፈች፤ ለሙሽሮች ሒና ትስልበት የነበረው ቀኝ እጇ ግን ተኮማትሮ ቀረ።

ግድግዳው ገና ሲጨስ ሐጂ መጣና «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለ።

«በአላህ አታሳብብ!» ብላ ጮኸችበት እናቴ። «መዳቡን ያሰረው አላህ ነው? አንተ ነህ!»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እሱን አንድም ቃል ሳይጠይቁ፣ «የሰው አገር ነው፣ ቻይው» ብለው እሷን ዝም አሰኟት። እኛም የተረፈ ዕቃችንን ጭነን ከግቢው ወጣን።

ዛሬ እዚያው ከተማ፣ በራሴ ቤት፣ ጭነት ሲበዛ መብራቱን በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ አለኝ፤ በጠፋ ቁጥር ልጆቼ እየተነጫነጩ መልሰው ያበሩታል። ሐጂም ሞቷል። ሰዎች ሲያነሱት «ደግ ሰው ነበር» ይላሉ። ያኔ እናቴን ዝም ሲያሰኟት ልጅ ነበርኩና ከጀርባዋ ተሸሽጌ ዝም አልኩ። አሁን ግን እንዲህ ለሚሉኝ ሁሉ፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣ «አልነበረም» እላለሁ።