ምሰሶ ያልቆመበት ጉድጓድ

ባለፈው የካቲት፣ ነገሌ ባለው ግቢያችን ውስጥ ለብሎኬት ቤት መሠረት ሳስቆፍር፣ ግንበኛው ጋልገሎ ዶማውን አቁሞ ጠራኝ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ መሬቱ ልክ አይደለም። ዙሪያው ቀይ አፈር ነው፤ ይሄ ብቻ አመድ። ቆሻሻ መጣያ ነበር እንዴ?»

ሄጄ አየሁት። በቀዩ አፈር መሀል፣ ድስት ክዳን ተደፍቶበት የተሣለ የሚመስል ግራጫ ክብ። «አይደለም» አልኩት። ሻይ ጠጥቶ እንደሚመለስ ነገረኝና ሄደ።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ ግንቦት ላይ ከጓዶቹ ጋር ወደ ሞያሌ እንዳቀና አልተመለሰም። እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ከካምፑ ቤት ወጥተን ከተማው ዳር ቦታ አገኘን። እናቴ የጎጃም ገጠር ልጅ ናት። ለእሷ ቤት ማለት በክብ የተተከለ ግድግዳ፣ መሀሉ ላይ ምሰሶ፣ ከላይ ሣር ነው። ምሰሶውን የሚያቆመው ደግሞ አባወራው ነው። አናጢ ቀጥራ ግድግዳውን አስተከለች፤ ጉድጓዱን አስቆፈረች፤ አንድ ቀጥ ያለ የጥድ ግንድም ገዛች። አናጢው ግንዱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ግን፣

«ተወው» አለችው። «ባለቤቱ ሲመጣ ያቆመዋል።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ይመጣል።»

አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ቆሞ ቀረ፤ ግንዱም አጠገቡ እንደተጋደመ። እኛ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር እንተኛ ነበር። የነገሌ ክረምት እንደ ደጋው አይዘንብም፤ ደመና፣ ብርድና ቀይ አቧራ ብቻ ነው። ግንዱ ላይ ተቀምጠን የበቆሎ ንፍሮ ስንበላ እጃችን ጥድ ጥድ ይሸት ነበር። አዝናችሁ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላስታውስም። ንፍሮው ጨው እንዳልነበረው ግን አስታውሳለሁ።

መስከረም ሲያልቅ አዴ ጡሜ መጡ። ወተት የሚሸጡልን የቦረና ሴት ናቸው። የዚያን ቀን የመጡት ግን ወተት ይዘው አይደለም። እሳቸውና ሦስት ሴቶች እርጥብ እንጨትና ሣር በጀርባቸው ተሸክመዋል።

«አካም፣ ናጋ?» አሏት እናቴን። «ሰማዩን አይተሻል? የሀገያ ዝናብ ደረሰ። ሲዘንብ ልጆቹን የት ልታደርጊያቸው ነው?»

«አባታቸው ሲመጣ…»

«እናንተ አገር ቤት የሚሠራው ወንድ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ወንዱ ሲሄድ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል?»

ሴቶቹ ሳቁ። አዴ ጡሜ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «እኛ ጋ የምትሠራው ሴቷ ናት። ቤቱ የእኔ ነው። ሽማግሌው ሲጨቀጭቀኝ ውጣልኝ እለዋለሁ። የት ይሄዳል? ዛፍ ሥር!»

እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «ጉድጓዱን እንዳትነኩብኝ» አለች።

«ማን ነካው? ለዚህች ትንሽ ጎጆ ምሰሶ አያስፈልጋትም።»

ከግድግዳው ውስጥ፣ ጉድጓዱን መሀል አድርገው፣ እንጨቱን ዙሪያውን ተከሉ። ጫፍ ጫፉን ወደ ውስጥ አጎንብሰው በልጥ አሰሩት። የቀረው ሣር ማልበስ ነበር። እኔና እህቴ ሣር እናቀብላለን፤ እናቴ ግንዱ ላይ ተቀምጣ ታያለች። በኋላ፣ ዕድሜዬ ገፍቶ ፊደል ከቆጠርኩና መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ፣ አንድ መጽሐፍ ላይ «አርብቶ አደር ቤት የለውም» የሚል አግኝቼ በእርሳስ አሰመርኩበት። ጠርዙ ላይ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ መጻፍ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዝናቡ የመጣው ቤቱ ባለቀ ማግስት ነው። እኔና እህቴ ሮጠን ገባን። እናቴ ግንዱ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተጣበቀ። አዴ ጡሜ ከበሩ ብቅ ብለው ጮሁባት።

«ግቢ እንጂ! ቤት ነው፣ ጅብ አይደለም፣ አይበላሽም!»

ገባች። ጉድጓዱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ መሀል ወለሉ ላይ ነበር። ድንጋዩን ዞራ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ይህን ለአዴ ጡሜ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ኅዳር ላይ የአባቴ ጓድ የነበረ ሰው በእግሩ ወደ አገሩ ሲያልፍ ጠይቆ አገኘን። ወተት ሰጠነው። ጫማው አፍንጫው ላይ ተቀዶ ነበር።

«ሞያሌ ሳንደርስ ተለያየን» አለ። «እሱ የቆሰለ ልጅ ደግፎ ወደ ኋላ ቀረ። ተኩስ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም።»

እናቴ «ወተት ልጨምርልህ?» አለችው።

በነጋታው መጥረቢያ ተውሳ መጣች። ግንዱን ከቀጭኑ ጫፍ ጀመረች። የዚያን ቀን ንፍሮው የተቀቀለው በእሱ ነው፤ ጥድ ሲነድ ይንጣጣል። እሳቱ ሲበርድ ድንጋዩን ገፋ አድርጋ አመዱን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመረች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ «አባታችሁ ሲመጣ» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

በልግ ሲገባ ግንዱ አለቀ። አመዱ ተጠቅጥቆ ከወለሉ እኩል ሆነ፤ በእበት ለቀለቀችውና እጇን ታጠበች። በዚያው ሳምንት፣ ዓመቱ ቢጋመስም፣ ትምህርት ቤት ወስዳ አስመዘገበችኝ። ክፍል ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ።

የሣሩ ቤት በዓመታት አርጅቶ ፈረሰ፤ በቦታው የቆርቆሮ ቤት ሠራንበት፤ አሁን ደግሞ ብሎኬት። እናቴም አዴ ጡሜም አርፈዋል።

ጋልገሎ ከሻይ ሲመለስ እዚያው ቆሜ አገኘኝ። አመዱ ካልወጣ ወለሉ እንደሚሰነጠቅ ነገረኝ። አውጣው አልኩት። በአካፋ እያወጣ ጋሪ ሞላና «የት ልድፋው?» አለ። የሎሚውን ዛፍ ሥር አሳየሁት። ነጭ ብናኝ ጫማው ላይ አረፈ፤ እግሩን መታ መታ አድርጎ አራገፈው። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ የፀሐዩ ሙቀት ብቻ ነው።

ኮንክሪት ከመሙላቱ በፊት ግን ቆይ አልኩትና በጉልበቴ ተንበርክኬ ክንዴን ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ። እስከ ትከሻዬ ገባ፤ ጣቶቼ ታቹን አልነኩትም። እናቴ ለረጅም ዘመን የሚቆም ቤት ነበር ያሰበችው።