የማይበላሸው ድራም

ከሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ጀርባ፣ በካርቶን ክምር የተሸሸገች ጠባብ የጥገና ክፍል አለች። እዚያ ሃያ ዓመት የሠራችውን ሴት ባለሱቁ በቀልድ «ወይዘሮ ሽቦ» ብሎ ጠራትና ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። አላገባችም፣ አልወለደችም። ዕቃው የተበላሸበት ሰው ካልመጣ በቀር ቀኑን ሙሉ ከአፏ ቃል ሳይወጣ ይመሻል።

አንድ ቅዳሜ ጠና ያለ የአውቶቡስ ሹፌር ወደ ሱቁ ገባ። በወጣትነቱ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር፤ አሁን ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ ወጥተው፣ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ኤሌክትሮኒክ ድራም፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ መምቻው ጎማ የሆነ፣ አንድ ደግሞ ባለመረብ፣ አሳየውና «ሦስቱም አንደኛ ናቸው» አለው።

«ሦስት አንደኛ የለም» አለ ሹፌሩ። «ሲበላሹ ከሚጠግናቸው ሰው ጋር አገናኘኝ።»

እንዲህ ሆኖ እሷ ዘንድ ደረሰ።

«እርስዎ ነዎት የሚጠግኑት?» አላት። «ጎረቤቶቼ ስመታ ግድግዳውን ይደበድቡብኛል። ከእኔ የተሻሉ ድራመኞች ሆነዋል። በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ ፈልጌ ነው።»

እረፍቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ ስለነበር፣ በየሳምንቱ አንዱን ሊሞክር ተስማሙ። የመጀመሪያው ቀን ጥቁሩን መታ። እሷም የራሷን ማዳመጫ ሰክታ አብራ ሰማች። ድምፁ ልብ ይሰርቃል፤ እንደ ናስ ሳህን የሚጮኸው ሲምባል ከእውነተኛው አይለይም። በሁለተኛው ቅዳሜ የጎማውን ሞከረ። ጎማው ደረቅ ነው፤ ዱላው እየነጠረ አንጓውን አሳመመው።

«ሳምንቱን ሙሉ መሪ የያዘ እጅ ይህን አይችልም» አላት። «መሪውንም ቢሆን ቀይ መብራት ላይ እመታዋለሁ፤ ተሳፋሪዎች መኪናው ተበላሸ ብለው ይወርዳሉ።»

ሳቀች። የገዛ ሳቋ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት። ሰኞ ዕለት ከመጋዘን ሁለተኛ ወንበር አወጣችና አቧራውን ጠርጋ ከጠረጴዛዋ ፊት አስቀመጠች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባለመረቡን መታ። የተወጠረው መረብ ዱላውን እንደ ቆዳ ይቀበለዋል፤ ድምፁ ግን ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትወስጃለሽ?» አላት።

«አንቺ» ማለቱን ልብ ብላለች። እሱ ግን ያስተዋለም አይመስልም።

ጥቁሩን ታውቀዋለች። ከአራት ወር በኋላ የገመዱ መሰኪያ ይላላል፣ ቀጥሎ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ይሞታል። ጥቁሩን የወሰደ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለመረቡን ደግሞ ሱቁ መሸጥ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ጠረጴዛዋ ላይ አልወጣም። ሁለተኛውን ወንበር አየች።

«ባለመረቡን ይውሰዱ» አለችው። «ድምፁን ይለምዱታል። ጥቁሩ ግን ያመላልስዎታል።»

«እንግዲያው ላንገናኝ ነው» ብሎ ሳቀ።

«እኔን አለማግኘት ደግ ነው» አለች፤ ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፣ ግን እንደ ቀልድ አልወጣላትም። ገመዶቹን አንድ በአንድ ራሷ ፈትሻ አሸገችለት። እጇን ጨብጦ አመስግኖ ሄደ።

ወራት አለፉ። ጥቁሮቹ እየተሸጡ እየተበላሹ መጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ባለሱቁ ብቅ ብሎ «ያ ሹፌር ደወለ» አላት። «ድራሙ እንደ አዲስ ነው። ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል? ዕቃው እየሠራ!»

ሲወጣ የዋስትና ወረቀቶቹን ፋይል ከፈተች። ስልክ ቁጥሩ በራሱ እጅ፣ ትልልቅ ሆኖ ተጽፏል። ስልኳን አነሳች። ምን ብላ ትደውላለች? አልተበላሸም ወይ ልትለው ነው? ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰች፣ መበየጃዋን አሞቀች፣ ሰው የሚጠብቀውን የጊታር ማጉያ ከፍታ መሥራት ጀመረች።